ለቅሶ የፈታው የቲክ አልጋ

አባቴ የሞተ ዕለት ከእሱ በፊት ከቤት የወጣው አልጋው ነበር።

አስከሬኑ ታጥቦና ተገንዞ ሳሎን ከተኛ በኋላ የእድሩ ወንዶች ወደ መኝታ ክፍሉ ገቡ። ኮልፌ ያለችው ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ናት። ለቀስተኛ ፍራሽ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ እንዲገኝ ያለው ዕቃ ሁሉ መውጣት ነበረበት። ሶፋው ወጣ። ቡፌው ከነብርጭቆው እየተንቀጫቀጨ ወጣ። አልጋው ግን በበሩ አልሾልክ አለ። በቁሙ ሞከሩት፤ በጎኑ ሞከሩት።

«ይሄን ማነው ያስገባው?» አለ አንዱ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ወይስ መጀመሪያ አልጋውን አቁመው ነው ቤቱን የሠሩት?»

ሌላው ሊስቅ ብሎ እናቴን በሩ ላይ አያትና አቀረቀረ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። «ቀስ በሉ፤ አትደብድቡት» ብቻ ነው የምትለው።

አልጋው አንድም ሚስማር እንደሌለው ሰዎቹ ያወቁት ያኔ ነው። ጎኖቹ ከራስጌውና ከግርጌው ጋር የተያያዙት በሽብልቅ ነበር። በየማዕዘኑ ቀዳዳ አለ፤ በየቀዳዳው የጣት ርዝመት ያለው፣ ጫፉ የቀጠነ እንጨት ተሰክቷል። ከስር በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጓቸው ሽብልቆቹ ተራ በተራ ወጡ፤ አልጋውም ተፈታ። ሽብልቆቹን አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ጣሏቸው። ራስጌው ወደ አንዱ ጎረቤት፣ ግርጌው ወደ ሌላው፣ ጎኖቹና ርብራቡ ቦታ ወደተገኘበት ሄዱ። የትኛው የት እንደገባ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። በዚያ ሰዓት ማን እንጨት ይቆጥራል?

አልጋው የቲክ እንጨት ነው። ቲክ በህንድና በዙሪያዋ ባሉ አገሮች ጫካ የሚበቅል ዛፍ ነው። አባቴ አልጋውን ያገኘው ከህንዳዊ አስተማሪው ነበር። እሱ ወጣት ሳለ እዚህ አገር ብዙ ህንዶች ያስተምሩ ነበር። የሂሳብ አስተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ በመርከብ ያስመጣውን አልጋ መልሶ መጫን አልሆንለት ስላለ ለሚወደው ተማሪ ትቶለት ሄደ። አባቴ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ያወራል። «በሂሳብ ያገኘሁት ሽልማት አልጋ ነው» ይላል። «ለዚህ ነው ሂሳብ ሲነሣ እንቅልፌ የሚመጣው።»

ሌላም የሚኮራበት ነገር ነበረው። የአልጋውን ጎን በመዳፉ መታ አድርጎ፣ «ይሄ እኮ መርከብ የሚሠራበት እንጨት ነው። ባሕር ያላበሰበሰውን የኮልፌ ምስጥ ምን ያደርገዋል?» ይላል። እውነቱን ነበር። ምስጥ የቡፌውን እግር ከስር ጨርሶታል፤ የበሩን መቃን በልቶታል፤ አልጋውን ግን ነክቶት አያውቅም። እንጨቱ ወዝ አለው። ልጅ ሆኜ አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳሸተው ያረጀ ቆዳ ይሸተኝ ነበር። አባቴ በተኛበት በኩል ሽታው ይበረታል። ሽታው የእንጨቱ ይሁን የእሱ ለይቼ አላውቅም።

ቤት በቀየርን ቁጥር አልጋውን የሚፈታውም የሚገጥመውም እሱ ነው። ሽብልቆቹ ለእኛ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። እሱ ግን በጣቱ እየዳበሰ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ይለያል። እናቴ ትስቅበት ነበር። «የእኔን ልደት አንድ ቀን አስታውሰህ አታውቅም፤ የእንጨቱን ሁሉ ግን ታውቃለህ» ትለዋለች።

የሞተውም በዚያ አልጋ ላይ ነው። ልቡን ያመው ነበር። እናቴ ጠዋት ስትነሣ አጠገቧ በርዶ አገኘችው። ለቀስተኛ ሁሉ ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር። «አልሰማሁትም እኮ። አጠገቤ ተኝቶ አልሰማሁትም።»

«በእንቅልፉ ነው የሄደው» ይሏታል። «የጻድቅ ሞት ነው። ምን ሊያሰማሽ?»

እሷ ግን አላመነችም። አባቴ እንደጠራትና እሷ እንዳልሰማችው ከዚያ ቀን ጀምሮ እርግጠኛ ነበረች። ምን ብሎ እንደጠራት ሳይቀር ታውቃለች። ውሃ ጠይቋት ነው ትላለች።

*

አርባው ከወጣ በኋላ ዕቃው መመለስ ጀመረ። እኔ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ድምፄ ይወጣል። ከክፍል ውጭ ግን የሰው በር ማንኳኳት ይከብደኛል። አልጋውን የምሰበስበው እኔ መሆኔ ሲታወቅ የምናገረውን ዓረፍተ ነገር በልቤ እየደጋገምኩ ከበር በር ዞርኩ። ሰው ሁሉ ደግ ነበር። ራስጌውን ያስቀመጡት አንሶላ አልብሰው ከግድግዳ አስጠግተውት ነበር። አንደኛው ጎን አንድ ቤት ውስጥ የልብስ ማስጫ ሆኖ አገኘሁት፤ ልብሱን እያወረዱ ይቅርታ ጠየቁኝ። ሁሉም ተገኘ። የጠፉት ሽብልቆቹ ነበሩ።

በመጨረሻ ለቅሶው ላይ የምድጃውን ሥራ የመሩት ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። በሰፈራችን ለቅሶም ሠርግም ያለ እሳቸው አይበስልም።

«እትዬ፣ ሳፋ ውስጥ የነበሩ ትንንሽ እንጨቶች አይተው ይሆን?»

«የምን እንጨት፣ ሚጣ?»

«ጠቆር ያሉ። ጫፋቸው ቀጠን ያለ።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ በሞትኩት! ያቺ ፍልጥ? እኔ ለመለኮሻ ያዘጋጁልኝ መሰለኝ እኮ! የመጣው እንጨት እርጥብ ሆኖ እሳቱ እምቢ አለኝ፤ ጢሱ ዓይኔን ሊያፈርጠው። እሷን ከሳፋው አንስቼ ጨመርኩበት። ያን ጊዜ እንዴት ያለ እሳት ሆነ መሰለሽ፤ ላምባ እንደነካው ቦግ አለ! ንፍሮው ወዲያው ፈላ።»

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው በራ። ቀጥሎ ፊቴን አዩና ደነገጡ። እኔ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያልኩ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ። የዚያን ዕለት ከድንኳኑ ስር አንድ እፍኝ ንፍሮ ሰጥተውኝ ወደ አፌ ሳስጠጋው ያረጀ ቆዳ ሸቶኝ ነበር። አባቴ ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞር ብያለሁ።

ለእናቴ «ሽብልቆቹ ጠፍተዋል» ብቻ አልኳት። ለለቅሶው መጥታ እኛ ጋ የከረመችው አክስቴ ግን ወሬውን ከምንጩ ሰምታ ነበርና በምሳ ሰዓት አወጣችው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ ምላሷ ላይ ነገር አያድርም።

እናቴ ጉርሻዋን መሶቡ ላይ መለሰች።

«በላነው ማለት ነው» አለች።

*

አዲስ ሽብልቅ የሠሩልን አጠና ተራ ሱቅ ያላቸው አናጢ ናቸው። የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። ዕቃቸውን በማዳበሪያ ተሸክመው መጡ፤ መጀመሪያ የአልጋውን እግር ትንሽ ላግ ላድርገው ብለው መላጊያቸውን ሁለት ሦስቴ ሳብ አደረጉና ስለቱን በአውራ ጣታቸው አዩት።

«ይሄ እንጨት ነው ድንጋይ? መላጊያዬን አዶለዶመው! ምን ያለ የክፉ ሰው እንጨት ነው።» ወዲያው አባቴ ትዝ አላቸው። «ነፍሱን ይማረውና፣ እሱም እንደዚሁ ነበር። በነገር አትልገውም።»

ቀዳዳዎቹን ለክተው ሽብልቆቹን ከባህር ዛፍ ጠረቡ። እኔ በቀስታ፣ «ጋሼ፣ ባህር ዛፉ ገና እርጥብ አይደለም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አዲስ አበባን ያቆመው ባህር ዛፍ ነው። ከተማ የተሸከመ እንጨት አንድ አልጋ ያቅተዋል?»

አልጋው ቆመ። እናቴ ፍራሹን አነጠፈች፣ አዲስ አንሶላ አለበሰች፣ ትራሶቹን በሁለቱም በኩል አስቀመጠች። ጊዜው አመሻሽ ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያጋለው ጣራችን ሲበርድ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ይህን ሁልጊዜ እንሰማዋለን። የዚያን ቀን ግን ቆርቆሮው ዝም ካለ በኋላ አልጋው ቀጠለ። መጀመሪያ አንድ ደረቅ «ቋ» አለ። ከዚያ ከራስጌው በኩል ረዘም ያለ፣ ሰው ደክሞት ሲቀመጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አልጋው ላይ ማንም አልነበረም።

እናቴ አንሶላውን ስታስተካክል የነበረ እጇን ሰበሰበች።

«መጣህ?» አለች።

የጠየቀችበትን ድምፅ አውቀዋለሁ። አባቴ ከሥራ ሲገባ ከጓዳ ሆና የምትጠይቀው በዚያ ድምፅ ነበር። ከዚያ የለቅሶውን ፍራሽ ከጥግ አንስታ ከአልጋው አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋችው።

«እማዬ፣ ምነው አልጋው ላይ አትተኚም?»

«ተይዟል።»

አክስቴ ከሳሎን ሰማች። «ቆይ እኔ ልተኛበትና እንተያይ!» ብላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ገባች። «በሕይወቱ እያለ ያልፈራሁትን አሁን ልፈራው ነው?» አልጋው ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። አልጋው ከስሯ ቀስ ብሎ አቃሰተ። ተነሥታ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይታ እግሯን መሬት አወረደች። «ወገቤን አልተስማማኝም» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው።

በየምሽቱ እንደዚሁ ሆነ። ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ አልጋው ይቀጥላል። እናቴ ከፍራሿ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። አንዳንዴ ትመልስለታለች። «እሺ» ትላለች፤ ወይም «ተኛ በቃ»። ጠዋት ስገባ ከአልጋው አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውሃ አገኛለሁ። ውሃው ሳይነካ ያድራል፤ እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ከማፍሰሷ በፊት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ ታየዋለች።

*

ክረምቱ ገባ። ኮልፌ ላይ ዝናቡ ሲጀምር የእኛ ቤት ወለል ከስር ያልበዋል። ፍራሹን ስገለብጠው ጀርባው ረጥቦ ሲሚንቶው ላይ የእናቴ ቅርጽ ጠቁሮ ይታያል። ማሳል ጀመረች። ሳሎን ያለውን የእኔን አልጋ ሰጠኋት፤ እሺ ብላ ተኛች፤ ጠዋት ያገኘኋት ግን እዚያው ሲሚንቶው ላይ ነው። ክሊኒክ ስወስዳት ሐኪሟ ጀርባዋን አዳምጣ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«ሳንባቸው ተጎድቷል። መድኃኒቱ አሁን ያነሣቸዋል። ግን ተመልሰው ቀዝቃዛ መሬት ላይ ከተኙ በሽታው ሁለተኛ ሲነሣባቸው የሚችሉት አይመስለኝም። ከመሬት ይነሡ።»

አክስቴ ይህን ስትሰማ አልጋውን በጣቷ እያመለከተች ጮኸች። «ፍለጡት! ፍለጡትና ይገላገል! እህቴን ለእንጨት አልገብርም!»

«አዎ ፍለጡት» አለች እናቴ ከፍራሿ ላይ ሳትነሣ። «እኔንም አብራችሁ ፍለጡኝ። ለንፍሮ ማፍያ እሆናችኋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ስለ አልጋው ጮክ ብሎ የተናገረ የለም።

እኔ ነገር ሲጨንቀኝ አነባለሁ። ሌላ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት፣ በስልኬ ስለ ቲክ ዛፍ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ማታ ማታ እራት ካለቀ በኋላ እናቴን ከዚያ ክፍል ላቆያት ስል ያነበብኩትን እነግራታለሁ። ቅጠሉ ትልቅ ነው፣ ሰዎቹ ምግብ ይጠቀልሉበታል፣ ሰፍተውም እንደ ሳህን ያቀርቡበታል አልኳት።

«እንደ ኮባ» አለች። እናቴ የተወለደችው ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ በሚቀበርበት አገር ነው። «ይሸታል?»

«ለምግቡ ትንሽ ሽታ ይሰጠዋል ይላሉ።»

ለጋውን ቅጠል በእጅ ሲያሹት እጅን ደም እንደነካው ቀይ እንደሚያደርግ፣ በእሱም ጨርቅ እንደሚነክሩ ነገርኳት። እንጨቱን በውሃ ፈጭተው ራሱን ለሚያመው ሰው ግንባር ላይ እንደሚቀቡ፣ የቤተ መቅደስ በርና የቤት ምሰሶ እንደሚያደርጉት ነገርኳት። አባቴ መርከብ ሲል የነበረው እውነት እንደሆነም ነገርኳት፤ ወዙ ውሃውን አያስገባም።

«ይዋሻል እያልኩ ነበር» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ለህንዱ አምላኩ ራሱ ነው የጠረበለት በይኛ።»

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። የድሮ ቆራጮች ቲክን በቀጥታ አይጥሉትም ነበር። እርጥብ ግንዱ ከባድ ስለሆነ ወንዝ ላይ አይንሳፈፍም። ስለዚህ ግንዱን ከታች ዙሪያውን እስከ ልቡ ድረስ ይቀርፉትና ትተውት ይሄዳሉ። ዛፉ እንደቆመ ይሞታል። ቅጠሉ ይረግፋል፤ ቅርንጫፉ ይደርቃል፤ እሱ ግን ዓመት ሁለት ዓመት በሕያዋኑ መሃል ቆሞ ይቆያል። ይህን ያነበብኩት ከጦር ኃይሎች በሚወጣ ታክሲ ውስጥ ነበር። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ቀና አልኩ። መውረጃዬን አልፌው ነበር።

*

የአልጋው ጩኸት ከምን እንደሚመጣ ይገባኝ ነበር። ባህር ዛፉ እርጥብ ሆኖ ገባ፤ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ እየደረቀ ከቀዳዳው አነሰ። ቲኩ አይነቃነቅም፤ ሽብልቁ ግን ሙቀትና ብርድ በተለዋወጠ ቁጥር ይንሸራተታል። ከራሱ ከቲክ የተጠረበ ሽብልቅ ቢገባ ያቆማል። ለዚህ ደግሞ ከአልጋው ርብራብ አንዷን መቁረጥ ያስፈልጋል። አናጢውን አማከርኳቸው።

«እኔም ልልሽ ነበር» አሉ ወዲያው። «ብቻ እናትሽ መጋዝ ይዤ ብታየኝ በመጋዙ እኔን ነው የምትቆርጠኝ።»

አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ወደ ገበያ ስትሄድ እናቴ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። የምለውን እንደ ትምህርት አዘጋጅቼ ነበር። ስለ እርጥብ እንጨትና ስለ ደረቅ እንጨት፣ ስለ ሙቀትና ስለ ብርድ አስረዳኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች ስጨርስ።

«ምኑን?»

«እንጨት መሆኑን ነዋ። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የተማርሽው? እንጨት ሲደርቅ እንደሚጮህ ያላወቅሁ መሰለሽ? በመቶ ጊዜ መቶውም እንጨቱ ነው። ግን አንዴ እሱ ቢሆንስ? ያኔም እንጨት ነው ብዬ ልተኛ?»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ፤ እሷ አሳለች። ከዚያ ሳላስበው አንድ ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«እማዬ፣ አባባ በሕይወት እያለ ይሄ አልጋ ጮሆ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ። ዝም ያለ አልጋ ነው። ሲገላበጥ እንኳ አይሰማም ነበር። እንዲያውም እየተነሣ ወጥቶ ሲመለስ አላውቅም ነበር።»

የተናገረችውን ከእኔ በኋላ ሰማችው። ከንፈሯ ሌላ ቃል እንደጀመረ ቀረ። ወደ አልጋው ዞር ብላ የራስጌውን ወፍራም አግዳሚ እያየች ረጅም ጊዜ ቆየች።

«አልጋው ነዋ የደበቀብኝ» አለች በመጨረሻ። «ሌላ አልጋ ቢሆን ይቀሰቅሰኝ ነበር።»

ያጽናናኋት መስሎኝ ነበር፤ ግን የባሰ ነገር ሰጠኋት። የሰጠኋትን መልሼ መውሰድ አልችልም። ከዚያ የታፈነብኝን አወጣሁት። በሕይወቴ እናቴን እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም።

«እኔም እኮ አንቺን ሳዳምጥ ነው የማድረው» አልኳት። «ስታስይ በሕይወት አለች እላለሁ። ስታቆሚ ተነሥቼ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን አደርጋለሁ። አንድ ቀን እንቅልፍ ቢወስደኝ፣ ጠዋት ስገባ...» አልጨረስኩትም። «አንቺ እሱን አልሰማሁትም ትያለሽ። እኔንም ለዚያ ነው የምታዘጋጂኝ?»

እናቴ አየችኝ። ከሞቱ ጀምሮ ያየችኝ ያኔ ይመስለኛል። እጇን አንስታ ጉንጬን ሳይሆን ጆሮዬን ያዘችኝ፤ ልጅ ሆኜ ስታባብለኝ እንደምታደርገው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍራሹ ከአልጋው ላይ ተነሥቷል። እናቴ ርብራቡን በእጇ እየዳበሰች ነው። አናጢው መጋዛቸውን ከጀርባቸው ደብቀው በሩ ላይ ቆመዋል። ማን እንደጠራቸው አልጠየቅኩም።

«ይቺን» አለች እናቴ። የመረጠቻት ርብራብ በእሷ መተኛ በኩል ያለችዋ ነበረች። «የእሱን በኩል እንዳትነኩት።»

«እሺ እመቤቴ» አሉ አናጢው፤ ለአንዴ እንኳ ሳይቀልዱ።

መጋዙ ሲገባ የቤቱ አየር ተለወጠ። ያ ያረጀ ቆዳ ሽታ ከእንጨቱ ዱቄት ተነሥቶ ክፍሉን ሞላው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። አናጢው ሁለት ጊዜ መጋዛቸውን ሞረዱ። ሽብልቆቹን አንድ በአንድ ጠርበው፣ እያወጡና እያስገቡ ለክተው፣ በመዶሻ ከላይ መቷቸው። የመጨረሻው ሲገባ ድምፁ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ድፍን ያለ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምንም የሚጨመርበት እንደሌለ ያስታውቃል። ወጥተው ሲሄዱ ዱቄቱን ልጠርግ መጥረጊያ ባነሣ እናቴ ከለከለችኝ። በመዳፏ ሰብስባ በጨርቅ ቋጠረችው።

ሲመሽ ሦስታችንም ሳሎን ተቀምጠን ነበር። ቀኑ ፀሐይ ወጥቶበት ስለነበር ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ። አክስቴ የሹራብ መርፌዋን አቆመች። ቆርቆሮው ጨረሰ። ጠበቅን። ከመኝታ ክፍሉ ምንም አልመጣም።

«ተመስገን» አለች አክስቴ በትንሽ ድምፅ። ከዚያ እህቷን አየቻትና ወደ ሹራቧ ተመለሰች።

እናቴ ተነሥታ ገባች። በበሩ በኩል አየኋት። ጫማዋን አውልቃ ከአልጋው ስር ገፋች። መጀመሪያ በእጇ ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ ወጣችበት። በእሷ በኩልም በእሱ በኩልም አልተኛችም፤ መሃል ላይ ተጋደመች፤ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። አልጋው እንደተሸከማት እንኳ አላስታወቀም።

«ሄደ» አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም።

አሁን መስከረም ሊጠባ ነው። ሳሏ ለቋታል። ሐኪሟ ጀርባዋን አዳምጣ ደስ ብሏታል። ከዚያ ምሽት ወዲህ እናቴ መሬት ላይ ተኝታ አታውቅም፤ ውሃም አታስቀምጥም። አክስቴ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ሰው ሁሉ እንዴት ናት ሲለኝ ደህና ናት እላለሁ፤ እውነትም ደህና ናት።

ብቻ አሁን በግድግዳው በኩል የሚሰማኝ ነገር የለም። አታስልም። አልጋው ስትገላበጥ አይነግረኝም፤ ስትነሣም አይነግረኝም። ስለዚህ ልብሴን ከመቀየሬ በፊት በባዶ እግሬ ሄጄ በሯን ገርበብ አደርጋለሁ። ብርድ ልብሱን አያለሁ። አንዴ ከፍ ሲል አያለሁ፤ ተመልሶ ዝቅ እስኪል ድረስ በሩን ይዤ እቆማለሁ።